አያልፍም የተባለው ድምፅ

አንድ በጆሮው የታመነ ሰው በአንዲት ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ጥላዬ ይባላል። ሥራው ፊልም ማየት ነው፤ ግን እንደ እኛ ለመሳቅና ለማልቀስ አያይም። በከተማው የሚሠራ ፊልም ሁሉ በሲዲ ተባዝቶ ወደ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት በእሱ እጅ ማለፍ አለበት። ምስሉ ጠቁሮ እንደሆነ፣ ቀለሙ ደብዝዞ እንደሆነ፣ ድምፁ ከከንፈሩ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንደሆነ ለይቶ የሚናገረው እሱ ነው። መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ይጋርዳል፣ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ያጠልቃል፣ ብቻውን ይቀመጣል። ሲጨርስ ወይ «ያልፋል» ይላል፣ ወይ «አያልፍም» ይላል። አያልፍም ካለ አለቀ። ነጋዴው ቢለማመጠው፣ አማላጅ ቢልክበት፣ በግ ቢጎትትለት ንቅንቅ የለም። እውነቱን ለመናገር ሐቀኛ ሰው ነበር። ድሀ ቆጥቦ የገዛው ነገር ቤቱ ሲገባ እንዲያሳፍረው አይፈልግም።

ከዕለታት በአንዱ ምንትዋብ የምትባል ወጣት የፊልም አዘጋጅ የደከመችበትን ሥራ ይዛለት መጣች። ፊልሙ የተጣሉ ወንድማማቾችን ስለሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌውን ሆነው የሠሩት ጋሽ አምዴ የሚባሉ አንጋፋ ተዋናይ ነበሩ። ቀረጻው ካለቀ በኋላ፣ ፊልሙ ሳይታይ፣ ጋሽ አምዴ አረፉ።

ጥላዬ አየና ማዳመጫውን አወለቀ።

«ምስሉ ያልፋል» አላት። «ድምፁ ግን አያልፍም።»

«ምን አገኙበት ጋሼ?»

«ከሽማግሌው ድምፅ ሥር ሲርርር የሚል ነገር አለ። ነፋስም ይመስላል፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድም ይመስላል። ሌሎቹ ሲናገሩ የለም። እሳቸው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ይመጣል።»

«እኔም ሰምቼው ነበር። ከእሳቸው ጋር የሚመጣ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።»

«ከእሳቸው ጋር የሚመጣ ከሆነማ የማይክራፎናቸው ነዋ! አስወግጂው።»

ምንትዋብ የጥላዬን ጆሮ ከራሷ ጆሮ በላይ ታምናለች። እሺ ብላ ሄደች። ድምፅ አስተካካዩ ሲርርታውን በኮምፒውተር ሲያጥበው የጋሽ አምዴም ቃል አብሮ ታጠበና ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው መሰለ። ደግመው እንዳያናግሯቸው ሰውየው አፈር ለብሰዋል። በመጨረሻ ድምፁ እንደ ደወል የጠራ ሌላ ተዋናይ ተፈለገ፤ የጋሽ አምዴን ከንፈር እያየ ቃላቸውን ሁሉ በእሳቸው ፋንታ ተናገረው።

ጥላዬ አንዲት ደንብ ነበረችው። ቀደም ሲል አንድ ነጋዴ የተጣለውን ድምፅ ከታረመው ጋር አደባልቆ አባዝቶ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ አሮጌው ድምፅ ከኮምፒውተሩም ከካሴቱም ጠፍቶ ካልሆነ አዲሱን አይቀበልም። ምንትዋብም እንዳዘዛት አጠፋች። ጥላዬ አዲሱን ሰማው። ጥርት፣ ኩልል ያለ ነው። «አሁን ያልፋል» አላት።

በዚያች ከተማ ግን ሌላም ደንብ ነበር፤ ይሄኛው የአገሬው ነው። ተዋናዩ ከሞተ፣ ፊልሙ ለገበያ ሳይወጣ አስቀድሞ በሟች ቤት ይታያል። ምንትዋብ ብቻዋን መሄድ ስለከበዳት «ጋሽ ጥላዬ፣ እባክዎ አብረውኝ ይምጡ» ብላ ለመነችው። እሱም ሄደ። ያን ያህል ፊልም ያሳለፈ ሰው፣ ፊልም በሰው ቤት ተቀምጦ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። በሩ ወለል ብሎ ስለተከፈተ የቀኑ ብርሃን ቴሌቪዥኑ ላይ ተኝቷል። ጥላዬ አላስችለው አለና «በሩን ገርበብ ብናደርገውስ?» አለ።

«ሰው እየመጣ በር ይዘጋል እንዴ?» አሉ እማማ ድንቄ፤ የቅርብ ጎረቤት ናቸው፣ ቀልድ አያልቅባቸውም። «ያልታየን እንደሆነ ያየው ይነግረናል። አርፈህ ተቀመጥ የእኔ ልጅ።»

የጋሽ አምዴ ባለቤት እትዬ ስንቅነሽ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ከሁሉም ቀርበው ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ከጥላ በቀር ምንም አይለዩም። የባላቸው ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። «ለእናንተ ፎቶ ነው» ይላሉ ለሚጠይቃቸው፤ «ለእኔ ግድግዳ ነው።» ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ይህን ቀን ነበር። መልኩ ቢቀርባቸውም ድምፁን ሊሰሙ።

ፊልሙ ጀመረ። ጋሽ አምዴ በትራቸውን ይዘው ከደጅ ብቅ አሉ፤ ቤቱ በእልልታና በእንባ ተደባለቀ። ከዚያ ተናገሩ።

«ውይ!» አሉ እማማ ድንቄ። «ሰማይ ቤት ማር ያልሱታል መሰለኝ፣ የአምዴ ድምፅ እንዴት ጠርቷል እናንተ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ስንቅነሽ ግን አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ። ጥቂት ቆዩና ጠየቁ።

«እሱ መቼ ነው የሚመጣው?»

ሳቁ ቆመ።

«እሱ እኮ ነው ስንቅነሽ» አሉ እማማ ድንቄ ዝግ ብለው። «ይኸው፣ እየተናገረ ያለው።»

«ይሄ? ይሄ ማነው? ባሌን አላውቅም እንዴ ድንቄ?»

ምንትዋብ አንገቷን ደፋች፤ የጋሽ አምዴ ድምፅ በሌላ ሰው ድምፅ እንዴት እንደተተካ በለሆሳስ ነገረቻቸው። እትዬ ስንቅነሽ አልተቆጡም። እጃቸውን ሰድደው ጉልበቷን ነካ ነካ አደረጉ።

«ደክመሻል ልጄ። እግዜር ይስጥሽ። አምዴ ግን ከቃሉ በፊት ትንፋሹ ነው የሚመጣው። ደረቱ ታማሚ ነበር፤ እንደ ወናፍ ሲርርር ይላል። ሥራ እንዳይከለክሉኝ እያለ ሰው ፊት ይደብቀዋል። ሲያመው ዞር ብሎ ነው የሚያስለው። እኔ ግን ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ደጅ ሲደርስ በትንፋሹ ነበር ለይቼ የምከፍትለት።»

ጥላዬ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሣ። ነፋስ ነው ብሎ፣ ገመድ ነው ብሎ ያስወገደው የሰው እስትንፋስ ኖሯል። ምንትዋብን ወደ ደጅ ጠራት።

«የበፊቱ ድምፅ አለሽ?»

«አጥፊ ብለውኝ?»

«አንድ ቅጂ? የትም ቦታ?»

«መጀመሪያ ለእርስዎ ካመጣሁልዎት ሲዲ በቀር የለም» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሱን ምን እንዳደረጉት እርስዎ ያውቃሉ።»

ያውቃል። ጥላዬ አያልፍም ያለውን ሲዲ ወደ ቤት ወስዶ ለሚስቱ ለተዋበች ይሰጣታል። እሷም በክር እያሰረች ጓሮዋ ያለው የኮክ ዛፍ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ሲዲው በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ወፎች ይሸሻሉ። ከተማው ውስጥ ኮኳን ወፍ የማይበላባት ሴት እሷ ብቻ ነች።

ጥላዬ ሮጠ። ሮጦ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያየው ሁሉ ሰው የሞተበት መስሎት «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል። ቤቱ ደርሶ በርጩማ ጎተተና ዛፉ ሥር ወጣበት።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አለች ተዋበች።

«ሲዲ እፈልጋለሁ።»

«የጣልከውን? ወፎቹ አቤቱታ አቀረቡ እንዴ? ኮኩ ሊደርስ ሲል ነው የምታወርድብኝ?»

«ተዋቡ፣ አትቀልጂብኝ። የሰው ባል ነው የሰቀልኩት።»

ተዋበች ደግማ አልጠየቀችም። መቀስ አመጣችና ክሩን ትቆርጥለት ጀመር።

በሲዲዎቹ ላይ የተጻፈውን ዝናብ አጥቦታል። ገሚሱ ተጭሯል፣ ገሚሱ በፀሐይ ጎብጧል። ሁሉንም በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ አንድ በአንድ ማጫወቻው ውስጥ መክተት ያዘ። ማጫወቻው አንዱን ያነባል፣ አንዱን አላነብም ብሎ ይተፋዋል። የሰርግ ጭፈራ መጣ፣ የሌባና ፖሊስ ፊልም መጣ፣ አንዲት የምታለቅስ ሙሽራ መጣች። እሳቸው የሉም። «አምላኬ ሆይ» ይላል ጥላዬ በየመሀሉ፤ «በእኔ እልከኝነት ያችን ሴት አታስቀይማት።» የቀሩት ሲዲዎች እያነሱ ሄዱ። ተዋበችም ዓይኑን ማየት ቢከብዳት ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ አንዱን ከተተ። ማጫወቻው አጉረመረመ፣ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ ተነሣ። ሲርርር የሚል ነገር ተሰማ።

ገና ቃል ሳይወጣ ተዋበች ከጓዳ ውኃ በብርጭቆ ይዛ ብቅ አለች።

«ኧረ እኚህ ሽማግሌ ደረታቸውን ታመዋል!» አለችው። «ሰው ቤት አስገብተህ ውኃ እንኳ አትሰጥም?»

ዞር ዞር ብላ ብታይ እንግዳ የለም። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጋሽ አምዴ በትራቸውን ተደግፈው «ልጆቼ» ብለው ሲጀምሩ አየች።

ጥላዬ ሳቀ። እየሳቀ እንባው ወረደ። ውኃውን ተቀበለና ራሱ ጠጣው። «ተመስገን» አለ። «ተመስገን። ይኸው አሉ።» በዚያ ውድ ማዳመጫ፣ በዚያ ጨለማ ክፍል ስንት ጊዜ መላልሶ የሰማው ድምፅ ነው። ያን ጊዜ የሰማው እንከን ነበር። እሷ ጓዳ ሆና ሰው ሰማች።

ድምፁ ከተጎዳው ሲዲ ተቀድቶ ወደ ፊልሙ ተመለሰ። አልፎ አልፎ ይዘላል፤ አንዳንድ ቃል ጨርሶ ጠፍቷል። በማግስቱ ሰንበት ነበር። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እንደገና እትዬ ስንቅነሽ ቤት ተሰበሰበ፤ በሩም እንደተለመደው ወለል ብሎ ተከፈተ። ፊልሙን የሚያባዛው ነጋዴም መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀምጧል።

ጋሽ አምዴ ገና ደጁ ላይ ብቅ ሲሉ ያ ሲርርታ ቤቱን ሞላው።

«መጣ!» አሉ እትዬ ስንቅነሽ። ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ቀስ በል እንጂ። ዳገት አይሆንህም ብዬህ አልነበረም?»

«ይኸው ስትቆጣው ደግሞ» አሉ እማማ ድንቄ እያለቀሱ። «ሞቶም አላረፈ!»

ፊልሙ ቀጠለ። ሽማግሌው በተጣሉት ወንድማማቾች መሀል ቆመው «አንድ ማዕድ የበላ እጅ…» ሲሉ ሲዲው ዘለለና ቃሉ ጠፋ። ጥላዬ ደነገጠ። እትዬ ስንቅነሽ ግን ሳይጠየቁ «…እንዴት ድንጋይ ያነሣል?» ብለው ሞሉት። ጋሽ አምዴ ቃለ ተውኔታቸውን የሚያጠኑት እሳቸው ፊት ነበርና ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል። ከዚያ በኋላ ድምፁ በዘለለ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሮ ይጠብቅ ጀመር። እሳቸውም አላሳፈሩም።

ሲያልቅ ነጋዴው ወደ ጥላዬ ጠጋ አለ።

«እና፣ ይህ ሁሉ መንተባተብ እያለበት ምን ልትለኝ ነው?»

«ያልፋል» አለ ጥላዬ።

ፊልሙ እንደዚያው ሆኖ ወጣ። ጥላዬ ሥራውን አልተወም፤ አልለዘበምም። የገመድ ጩኸት ዛሬም የገመድ ጩኸት ነው፣ የጨለመ ምስልም የጨለመ ነው፤ አያልፍም ሲል አያልፍም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሲረብሸው ማዳመጫውን ያወልቅና ተዋበችን ይጠራታል፤ ፊልሙን ያመጣውንም ሰው «ይህ ድምፅ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። አጥፉ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ ታሪክ ለፊልም ሠሪ ብቻ አይደለም። ንጹሕ ነገር መውደድ መልካም ነው። እንከን ማየትም ስጦታ ነው፤ እግዚአብሔር ለአንዳንዱ ይሰጠዋል። ግን እንከን ብለን የምንጠርገው ነገር አንዳንዴ ሰውየው ራሱ ነው። የአባት ሳል አለ፣ እንቅልፍ ይነሳናል። እናት መላልሳ የምታወራው ወሬ አለ፣ ያሰለቸናል። የአማት ማጉረምረም፣ የባል ማንኮራፋት አለ። ዛሬ «ምነው ዝም ባለ» የምንለውን፣ ነገ ዝም ሲል በየዛፉ ስንፈልገው እንውላለን። ጥላዬን አምላክ ረድቶት አገኘው፤ ሁሉም አያገኝም።

እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ጥቂት ቁሙና አዳምጡ። አያልፍም ያላችሁት ድምፅ የማን ነው?