አህያ የመረጠችው አመድማ ማስታወሻ

አንድ ጊዜ፣ የዱር አራዊት ሁሉ ስልክ በያዙበት በዚያ በጋ፣ በአገሩ የቀረው ውሃ አንዲት ምንጭ ብቻ ነበር። በላተኛውና የሚበላው ምንጯ ላይ እንዳይገናኙ ብሎ አንበሳ ለእያንዳንዱ የመጠጫ ሰዓት አወጣ። ለአህያ ማለዳ ደረሳት፤ ለጅብ አመሻሽ። ጸሐፊ ሆና የተመረጠችውም አህያ ናት። ጽሕፈቷ ይህን ያህል አያምርም፤ የተባለውን ግን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ትጽፋለች።

የመጀመሪያውን ዝርዝር ኮባ ቅጠል ላይ ጻፈችው። ፍየል በላችው። «ምን ነካሽ?» ቢሏት፣ «ስሜ ተጽፎበት ሳይ ድርሻዬ መሰለኝ» አለች። በማግስቱ ሚዳቋና ነብር ምንጯ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ፤ ሚዳቋ አንድ ጆሮዋን ጥላ አመለጠች።

«ከእንግዲህ በስልክ ይሁን!» አለ አንበሳ ተቆጥቶ።

የማስታወሻ አፕ አቀርባለሁ ያለችው ቀበሮ ናት። ስለ ስልክ የማታውቀው ነገር የለም፤ ባታውቅም አውቃለሁ ትላለች። ሁሉም ሾላው ሥር ሲሰበሰቡ የመጀመሪያውን አፕ ከፈተች። ስም በተጻፈ ቁጥር አበባ ይዘንባል፤ ጭብጨባም አለው። ጦጣ ከደስታዋ ብዛት ከቅርንጫፏ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«እትዬ ቀበሮ፣ ዛሬ የጻፍኩትን ነገ አገኘዋለሁ?» ስትል አህያ ጠየቀች።

«ኔትወርክ ካለ ታገኚዋለሽ።»

ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ሁሉም ወደ ኮረብታው ቀና ብለው አዩ።

«እኔ እዚያ እስክደርስ ክረምት ይገባል» አለች ኤሊ።

ሁለተኛው አፕ በምስጢር ቁጥር የሚቆለፍ ነበር። አህያ አሁንም ያንኑ ጠየቀች። «ቁጥሩን ካልረሳሽው» አለች ቀበሮ። የአህያን የማስታወስ ችሎታ ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም ክርክር አላነሳም።

ሦስተኛው ጌጥ የሚባል አልፈጠረበትም። ጦጣ አፍንጫዋን ነፋች። «ኧረ ቀለሙ የአመድ ነው!»

«የእኔስ ቀለም የምን ሆነና?» አለች አህያ። «እሺ፣ ይኼኛውስ የጻፍኩትን ያቆይልኛል?»

«ያቆይልሻል። ኔትወርክ አይፈልግም፤ ስልክ ከስልክ ሲቀራረብ ይቀባበላል። ማንም ሊለውጠው ይችላል» አለች ቀበሮ። «ታዲያ ማን ምን እንደለወጠ ከነስሙ ይመዘግባል።»

ጅብ እስከዚያ ድረስ ሲያንቀላፋ ነበር። «ማንም ሊለውጠው ይችላል» የሚለውን ሲሰማ ዓይኑን ገለጠ፣ አህያን አየ፣ ልቡም ወደ ታፋዋ ሄደ። የቀረውን ንግግር አልሰማም። «ይኼኛው ይሁን! ይኼ ነው የሚሻለን!» ብሎ ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ። አህያም ያንኑ መረጠችና ዝርዝሩን እዚያው ጻፈችበት። ጅብ ከእሷ ጋር ሲስማማ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ስብሰባው እንደተበተነ ጅብ አንድ ቅልጥም ይዞ ቀበሮን ተከተላት።

«እትዬ ቀበሮ፣ አንድን ስም ከማለዳ ወደ አመሻሽ ማዞር እንዴት ነው?»

«ስሙን ተጭነህ መጎተት ነው አያ ጅቦ» አለች ቅልጥሙን እየተቀበለች።

«ታዲያ እንዳትናገሪ አደራ።»

«እኔ? ለማንም ትንፍሽ አልልም!»

ጅብ የአህያን ስም ጎትቶ ከራሱ ስም አጠገብ አስቀመጠው። ስሞቹ ጎን ለጎን ሆነው ሲያያቸው ምራቁን ዋጠ።

በማግስቱ አህያ ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ ዝርዝሩን ከፈተች። «ጅብ፣ አህያ፦ አመሻሽ» ይላል። በራሷ ጽሕፈት ራሷን ለጅብ ያስበላች መሰላትና ደነገጠች። ከዚያ ቀበሮ ያለችው ትዝ አላት፤ የለውጡን መዝገብ ተጫነችው። «አህያ፦ ከማለዳ ወደ አመሻሽ። የለወጠው፦ አያ ጅቦ» የሚል ወጣ።

ስልኳን ይዛ ወደ አንበሳ ሮጠች። «ጌታዬ፣ ይህን ይዩልኝ!»

አንበሳ አነበበና ሪዙ ተንቀጠቀጠ። «አንቺ ወደ ማለዳሽ ተመለሽና ጠጪ። የእኔን ስም ከቀትር ወደ አመሻሽ አዙሪልኝ።»

ጅብ ለእራቱ ቦታ እንዳይጠበው ብሎ ምሳ ሳይቀምስ ዋለ። ዝርዝሩንም ደግሞ አልከፈተውም፤ የሚፈልገውን አንዴ አይቶታል። ሲመሻሽ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተሸሸገ። ኮቴ ሰማ። «እትዬ አህያ ዛሬ አረማመዷ ለስለስ ብሏል» ብሎ ተገረመ፤ ከዚያ በላይ አላሰበም። አፉን ከፍቶ ዘለለና አንበሳ ፊት አረፈ። አፉን መዝጋት እንኳ ረሳ።

«ማንን ልትበላ ነው?»

«ኧረ እያዛጋሁ ነው ጌታዬ!»

«ተራው የማን ነው?»

«የእኔና የአህያ» አለ ጅብ ሳያስብ።

«ማለዳ የምትጠጣዋን አህያ ወደ አመሻሽ ማን አመጣት?»

አንበሳ ስልኩን አሳየው። ስሙ በጉልህ ተጽፏል። ጅብም ከአራዊቱ ጋር ትርኢቱን ልታይ ወደመጣችው ቀበሮ ዞረ። «ለማንም ትንፍሽ አልልም አላልሽኝም?»

«እኔ ምን ተናገርኩ? የተናገረው ስልኩ ነው!»

አራዊቱ ሁሉ ሳቁ፤ አንበሳም ሳያስበው ፈገግ አለ። «ከዛሬ ጀምሮ» ብሎ ፈረደ፣ «አያ ጅቦ ዝርዝሩን ማንበብ እንጂ መለወጥ አይችልም።» አህያ አንድ ነገር ተጫነችና ፍርዱ ተፈጸመ።

ከዚያ ወዲያ አህያ በየማለዳው ዙሪያዋን ሳትገላመጥ፣ ጆሮዋን ዘና አድርጋ፣ እስኪበቃት ትጠጣ ነበር። በበጋው ሁሉ እንደዚያ ደስ ብሏት አታውቅም። ጅብም ከሁሉ የባሰ አንባቢ ወጣው፤ አንበሳ ለስንት ሰዓት እንደተጻፈ ሳያይ ከጎሬው ንቅንቅ አይልም።

ከዚህ የምንማረው የጉዳያችንን መያዣ ስንመርጥ የሚያብለጨልጨውን ትተን፣ የጻፍነውን የሚያቆይልንንና ማን እንደነካካው የማይደብቅብንን መውሰድ እንዳለብን ነው።