ወርቅ ፈላጊው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ደብሩን በከበበው የጥድ ደን ውስጥ አባ ጉሬዛ የሚባሉ አዛውንት ጉሬዛ ይኖሩ ነበር። እሑድ እሑድ ከቅርንጫፋቸው ላይ ሆነው ካህኑ የሚያነቡትን ያዳምጡና፣ ሕዝቡ ሲበተን የሰሙትን ለአራዊቱ ይነግራሉ።

አያ ጅቦም አይቀርም። መምጣቱንስ ይመጣል፤ ግን ከሁሉም ኋላ ተቀምጦ ዓይኑን ያቁለጨልጫል። ለእሱ ንግግር ሁሉ ሰምና ወርቅ ነው፤ ከላይ ደህና ቃል፣ ከሥሩ ግን እሱን የሚነካ ነገር ያለበት።

የዚያን እሑድ አባ ጉሬዛ እንዲህ አሉ፦ «ቃሉን ሰምቶ የሚፈጽም ቤቱን በዐለት ላይ እንደሠራ ሰው ነው። ሰምቶ የሚተወው ግን በአሸዋ ላይ የሠራውን ይመስላል፤ ጎርፍ ሲመጣ ይወድቅበታል።»

አያ ጅቦ ጀርባው ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። እናታቸው የሞተችባቸው ሁለት ልጆቹ የሚተኙበት ጉድጓድ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ነበር። «ቤቴ አሸዋ ላይ መሆኑን ማን ነገራቸው?» አለ በሆዱ።

ወዲያው እሜቴ ቀበሮ ዘንድ ሄደ። እሷ ደግሞ አንድ ጎድን ካልቀረበላት ቅኔ አትፈታም።

«እሜቴ፣ እስቲ ወርቁን ፍቺልኝ።»

እሜቴ ቀበሮ ጎድኑን ወደ ራሷ ሳበች። ምን መስማት እንደሚፈልግ ታውቃለች። «ሰሙ ቤት ነው፤ ወርቁ አንተን ከቤትህ ማስወጣት ነው» አለችው።

«እኔስ ምን አልኩ? ማን ሊገባበት ነው?»

«እሱን እንግዲህ በሚቀጥለው ጎድን እናየዋለን።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደጋው ጠቆረ። አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ ከወንዙ ዳር ወደ ዐለቱ ዋሻ ስትወጣ በጉድጓዱ በኩል አለፈች። ጅቡን ስለፈራች ከሩቅ ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ላይ አገር እየዘነበ ነው። ልጆችህን ይዘህ ውጣ እንጂ። የእሑዱን ሰምተህ የለ?»

«ሰምቻለሁ፤ ወርቁንም ደርሼበታለሁ። እኔ ስወጣ አንቺ ልትገቢ ነዋ።»

«እኔ በጅብ ጉድጓድ ምን እሠራለሁ?» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

አያ ጅቦ ጥርሱን አግጥጦ በሩ ላይ ተጋደመ። ሌባ ሲጠብቅ ጎርፉ ደረሰበት። አንዱን ልጅ ነክሶ አወጣ። ሲመለስ ጉድጓዱ ሞልቷል፤ ሁለተኛው ውሃ ጠጥቶ ሊሞት ሲል ጅራቱን ነክሶ ጎትቶ አተረፈው። ሁለቱንም ይዞ እየተንፏቀቀ ዐለቱ ላይ ወጣ።

አህያ ውርንጭላዋን ከኋላዋ ሸሽጋ አየችው። «ልጆቹ ይግቡ፤ አንተ ግን እደጅ ሁን» አለች።

አያ ጅቦ ዝናብ እየወረደበት ቆመ። አሁንም ጥርጣሬው አለቀቀውም። «ወደዚህ ዐለት ውጪ ብሎ ማን ነገረሽ?»

«አባ ጉሬዛ ናቸዋ። አብረን አይደል የሰማነው?»

በዚህ መልሷ ውስጥ ያለውን ወርቅ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ልጆቹን ሊያድን የመጣውን ቃል እሱ ራሱ ጎድን ከፍሎ አስጠምሞታል። ልቡ በሐዘን ተሰበረ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜም ራሱን ጠረጠረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ቅዱስ ቃሉ ሲነበብ «ማንን ሊነካ ነው?» እያልን ከመጠርጠር ይልቅ ልባችንን ከፍተን «እኔስ ምን ላድርግ?» ብለን ብንሰማ ጎርፉ ሳይደርስ እንደምንተርፍ ነው።