ያልተጠራው ቢላ

አንድ ቅናተኛ ገበሬ ነበር። ሽበሺ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቅናት እንደሆነ ክፉና ደግ መርጦ አይገባም። የሚኖረው ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ለአጥር ተጠጋግቶ በሚኖርባት በአንዲት የወሎ መንደር ነው። የሱ አጥር ከእንድሪስ ግቢ ጋር ይዋሰናል፤ የቅናቱም ምክንያት ይኸው እንድሪስ ነው።

እንድሪስ በመሬትም በከብትም ከሽበሺ አይበልጥም። የሚበልጠው በአረፋ ነው። አረፋ ሲደርስ መንደሩ በሙሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እንድሪስ ግቢ ይገባል። ቦታ ያጣው አጥር ሥር ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በወንዝም በገበያም ወሬው «የእንድሪስ አረፋ!» ብቻ ይሆናል። ለሽበሺ ገናም ሰው አይቀርም፤ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ መርቀው ይሄዳሉ። «የሽበሺ ገና!» ያለ ሰው ግን ተሰምቶ አያውቅም። ይህ ነገር አንጀቱን አሳረረው። ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ በሰማ ቁጥር በሱ የሚስቁበት ይመስለው ጀመር።

በዚያ አገር አባቶች ያቆዩት ደንብ አለ። ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ በግ ይለይና ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ ያደርጋል። ድስቱም ማማሰያውም የየራሱ ነው። ለሽበሺ ገና የሙስሊሞቹን በግ ሲያርድ የኖረው ደግሞ እንድሪስ ነው።

በዚያ ዓመት ሽበሺ ቆርጦ ተነሳ። በሬ ጣለ፤ ለሙስሊሞቹ ሁለት ሙክት ለየ። ለፋሲካ የሚያደልበውን ላተ ትልቅ ሙክት ደግሞ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ደጃፉ ላይ አሰረው። ማለዳ ሚስቱ አምሳለ ነጠላዋን አጣፋችና፣

«ልሂድ እንድሪስን ልጥራው?» አለችው።

«ምን ሊያደርግ?»

«ምን ሊያደርግ ትላለህ እንዴ? የእስላሞቹን ሊያርድ ነዋ!»

«ዛሬ የኔ ቀን ነው። እሱ ቢላ ይዞ ግቢዬ ውስጥ ከታየ ‹እንድሪስ ነው ያሰናዳው› ይባላል።»

«እንግዲያስ ሼህ ኑርዬን ጥራቸው።»

«እሳቸውን ብጠራ ‹እንድሪስ ምን ሆኖ ቀረ?› ይሉኛል። ተይኝ! በግ በግ ነው።»

ቢላውን አንስቶ ሁለቱንም ሙክቶች በገዛ እጁ አረዳቸው። አምሳለ ወደ ጓዳ ገባች፤ እሱም መግባቷን እንደ መስማማት ቆጠረው።

ሰው መጣ፤ ግቢው ሞላ። ሙስሊሞቹ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው የማያሰክረውን የገብስ መጠጥ፣ ቀሪቧቸውን፣ እየጠጡ ይጫወታሉ። የነሱ ወጥ ቀረበ፤ እጅ መታጠቢያው ዞረ። ይሄኔ ሼህ ኑርዬ ወደ እንድሪስ ዘወር አሉና፣

«እጅህ ይባረክ ልጄ፤ ዘንድሮስ ሁለት አረድክ አሉ» አሉት።

«እኔ ዘንድሮ አልተጠራሁም» አለ እንድሪስ ቀስ ብሎ። «ሌላ ሰው አርዶ ይሆናል።»

«ማን ባረከው ሽበሺ?» ሲሉ ጠየቁ ሼሁ። እንዲያው ለወጉ ነው የጠየቁት፤ አልጠረጠሩም።

«አንድ መንገደኛ እስላም አግኝቼ» የሚለው ቃል ሽበሺ ምላስ ላይ ደረሰ። ማን ያጣራል? ቢለው ይበላሉ፤ ቀኑም የሱ ይሆናል። ነገር ግን ቀና ሲል ሁሉም እጃቸውን ታጥበው እሱን ይጠብቃሉ። እሱን አምነው።

«እኔው ነኝ ያረድኩት» አለ።

የተዘረጋው እጅ ሁሉ ተሰበሰበ። የሰደበው የለም፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ምን በደልኩህ?» አለ እንድሪስ። «እኔ እኮ ከንጋት ጀምሮ ቢላዬን ስዬ ደጄ ላይ ቆሜ ስጠብቅህ ነበር።»

«ቀንቼ ነው» አለ ሽበሺ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። «ያንተ አረፋ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሰው ላንተ እንደዚያ የሚሆነው፣ ለኔ የማይሆነው ለምንድን ነው?»

እንድሪስ ትክ ብሎ አየው። «አንተ ሰው፣ በአረፋ የክርስቲያኖቹን በግ የሚያርድልኝ ማነው?»

 በየዓመቱ በማለዳ ሄዶ የሚያርደው ሽበሺ ራሱ ነው። አርዶ ሲጨርስ ቢላውን ይጠርግና፣ የሚመጣውን ሰው ላለማየት ቶሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«እኔ ግቢ ከሚሞላው ሰው እኩሌታው የሚበላው ያንተ ቢላ ያረደውን ነው» አለ እንድሪስ። «አንድ ዓመት ብትቀርብኝ የኔም አረፋ እንደ ዛሬው ገናህ ይሆን ነበር። የቀናኸው በገዛ እጅህ ሥራ ነው።»

ሽበሺ ወደ ደጃፉ ሄደና ላታሙን ሙክት ፈታው።

«የፋሲካው ነው እኮ!» አለች አምሳለ።

«ነበር» አላት። ገመዱን ለእንድሪስ አቀበለው። «እንካ ወንድሜ፤ ባርክልን።»

ሙስሊሞቹ የበሉት ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ነው። ክርስቲያኖቹም አንድም ሰው ሳይሄድ ጠበቋቸው። ሰዉ የእንድሪስን እጅ ሲመርቅ ሽበሺን ያች የለመዳት ቅናት ቆንጠጥ አደረገችው፤ እሱ ግን ማሰሮውን አንስቶ ቀሪቦ መቅዳቱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ በወንዝም በገበያም ሌላ ወሬ ጠፋ፤ «የሽበሺ ገና!» ብቻ ሆነ። እየሳቁ ነው የሚያወሩት፤ ቢሆንም የተመኘውን አገኘ።

ወገኖቼ፣ ጎረቤታችሁ በዓሉ ሲያምርለት ዓይናችሁ ከመቅላቱ በፊት እጃችሁን ተመልከቱ፤ ከድግሱ ውስጥ የናንተም ድርሻ አለበት። ብቻውን ሊደምቅ የፈለገ ሰው ግን ሙሉ ድስት ይዞ እንግዳውን ያስርባል። ለመሆኑ ዘንድሮ በናንተ በዓል ቢላውን ስሎ ደጁ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ፣ እናንተም ሳትጠሩት የቀራችሁት ሰው ማነው?