ምንጣፉን ቀድሞ የሄደ ከበሮ

«ከበሮ ማንም አላስተማረኝም! ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት!»

እንዲህ ትል ነበር አንዲት ልጅ። ለጠየቃትም ትናገራለች፣ ላልጠየቃትም ትናገራለች። ትርንጎ እንበላት።

አንዋሽባት፣ እውነቷን ነው። ከበሮ የሚባል ነገር ቤቷ አልነበረም። የነበራት አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው፣ ያውም ክዳኑ የጠፋ። ጠዋት ጠዋት ቦኖ ላይ የውሃ ወረፋ ትይዛለች። ውሃው እስኪመጣ ጀሪካኑን ጭኗ ላይ አጋድማ ትደበድበዋለች። ድም፣ ድም፣ ድድም። መዳፏ አበጠ። አልተወችም። ጣቷ ተላጠ። አልተወችም። ወረፋ የያዙት ሴቶች «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ጆሯችንን በላሽው! ለጀሪካኑ እንኳ እዘኚለት!» ይሏታል። እሷ ምን ገዷት! በዓመቱ ጀሪካኑ ተሰነጠቀ፣ ትርንጎም ቻለች።

እናንተ ብትሆኑ ስንት ቀን ትቆዩ ነበር? ሦስት? አራት? ፊታችሁን አይቼ ነው የምጠይቀው።

ታዲያ በሰፈሯ ደብር ጋሽ ጥላዬ የሚባሉ ሰው ነበሩ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ከበሮ ሠላሳ ዓመት የመቱ። በዚያ ዓመት ትከሻቸውን አመማቸው። ከተራ ደረሰ። ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ ከበሮውን ማን ይያዝ? ሁሉም ወደ ትርንጎ አየ። ትርንጎም ወደ ራሷ አየች።

ጋሽ ጥላዬ ማንገቻውን አንገቷ ላይ እያጠለቁ «ስሚ ልጄ» አሏት፤ «ዛሬ ከሆነልሽ፣ ነገም ታቦቱ ሲመለስ ያንቺ ነው። ካልሆነልሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ። ብቻ ዓይንሽ ከምንጣፉ እንዳይነሳ።»

«ጋሽዬ ደግሞ! ከበሮ በእጅ ነው እንጂ በዓይን ይመታል እንዴ?»

ጋሽ ጥላዬ ማንገቻውን አጠበቁላትና ገለል አሉ።

ምንጣፉን ታውቁታላችሁ። ወጣቶቹ ከታቦቱ ፊት ያነጥፋሉ፣ ካህኑ ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ያልፉበታል። ያለፉበትን ደግሞ ከኋላ ጠቅልለው፣ ላባቸው ጠብ እያለ ሮጠው፣ ከፊት መልሰው ያነጥፋሉ። ምንጣፍ ሳይነጠፍ ታቦት አይራመድም። መዘምራንም ከምንጣፉ አይርቁም።

ተጀመረ። ድም… ድም… መጀመሪያ ደህና ነበረች። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ትርንጎ ደስ አላት። ዓይኗን ጨፈነች። ድም ድም ድድም! እጇ ሲፈጥን እግሯም ፈጠነ። መዘምራኑ ትንሽ ተከተሏት፣ ከዚያ መሪያቸው ያዛቸውና ቆሙ። ወጣቶቹ ጥቅል ምንጣፍ እንደተሸከሙ «ኧረ ቆሚ! ምንጣፉ አልደረሰም!» ብለው ጮኹ። እሷ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል አልለየችውም። የጮኸ ሁሉ እሷን ያደነቀ መሰላት።

እስክትደክም መታች። ዓይኗን ስትገልጥ የት ነበረች? ወፍጮ ቤቱ ጋ! የመንገዱን መታጠፊያ አልፋ፣ ብቻዋን። ከፊቷ አንዲት አህያ ታስራ ቆማለች። አህያዋ አየቻት። ትርንጎም አህያዋን አየቻት።

ልቧ ስንጥቅ አለ። «አለቀልኝ» አለች፤ «የነገው ከበሮ ቀረ።» ሮጣ ልትመለስ ስትል ግን አንድ ነገር ሰማች።

ከመታጠፊያው ወዲያ መዝሙሩ እየመጣ ነው። ያለ ከበሮ። በጭብጨባ ብቻ። የሺህ ሰው መዳፍ እንደ አንድ መዳፍ፣ የሺህ ሰው እግር እንደ አንድ እግር። መሬቱ ከጫማዋ ሥር ሲተነፍስ ተሰማት። መጀመሪያ የጃንጥላዎቹ ዘርፍ ብቅ አለ፣ ፀሐይ አረፈበት። ቀጥሎ ታቦቱ። የቸኮለ ሰው የለም። ካህኑ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ። ሕዝቡ ይቆማል። ነፋሱም የቆመ መሰላት። ከዚያ ደግሞ አንድ እርምጃ።

ያን ሁሉ ሕዝብ ማን አስለማመደው? ሕፃኑን በእናቱ ጀርባ፣ ሽማግሌውን በምርኩዙ፣ በአንድ ልክ ማን አስኬዳቸው? ትርንጎ ይህን ራሷን ጠየቀች። ጠጉሯ ቆመ። ከበሮዋን እንዳነገተች አቧራው ላይ ተንበረከከች።

ምንጣፉ እየተዘረጋ መጥቶ ጉልበቷን ነካው። አንዱ ወጣት እያለከለከ «እህት ዓለም፣ ይኸው ደረስንልሽ!» አላት። ጋሽ ጥላዬም ደረሱ። በአገጫቸው ምንጣፉን አሳዩአት፣ በቃ።

ተነሳች። ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች። የካህኑ እግር አረፈ፦ ድም። ጠበቀች። ደግሞ አረፈ፦ ድም። ያን ጊዜ ድምፁ ከእጇ ሳይሆን ከምድር ውስጥ የወጣ መሰላት። እንባዋ ወረደ። አንድ ዓመት ጀሪካን ስትመታ ኖረች፣ ከበሮ የመታችው ግን ያን ዕለት ነው።

እናንተስ? «መዝሙሩን ራሴ ነኝ ያጠናሁት፣ ጾሙን ራሴ ነኝ የጾምኩት» ስትሉ ማንን ጥላችሁ ሄዳችሁ? እቤት ቀስ የሚሉ አባት የሏችሁም? ዜማው የሚጠፋት፣ እናንተም የምትስቁባት ጓደኛ የለቻችሁም? ጎበዞች ናችሁ፣ ማን ካደ! መዳፋችሁ አብጧል፣ እግዜር ያያል። ግን እስቲ ዓይናችሁን ግለጡና ወደኋላ ዙሩ። ማን አለ? ማንም ከሌለ ከበሮው ምን ቢያምር ለማን ነው? ቁሙ። ማፈር የለም፣ ቁሙ። ታቦቱ ከሕዝቡ ጋር ይመጣል። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ግን ይመጣል።

ቆይ፣ ገና አትነሱ! ትርንጎ መቼ በአንድ ቀን ትበስላለች?

ታቦቱ ድንኳን ከገባ በኋላ ወደ ጋሽ ጥላዬ ጠጋ አለች።

«ጋሽዬ፣ ነገም እኔ ነኝ አይደል?»

«አንቺው ነሽ። ዓይንሽን ካልጨፈንሽ።»

ዝም ብላ መሄድ ነበረባት። አልሄደችም።

«ግን እውነቱን ይንገሩኝ፣ እዚያ ወፍጮ ቤቱ ጋ ብቻዬን ስመታ… ምቱ አያምርም ነበር?»

«አህያዋን ጠይቂያት» አሉ ጋሽ ጥላዬ፤ «እኔ ከታቦቱ ጋር ነበርኩ።»