የዶልሻ ትምህርት ቤት በማን ስም ይጠራ

እናትህ በጨዋነቷ የልጆቿን አፍ ብትዘጋ፣ ጨዋ ትላታለህ?

በአንድ ወቅት ዶልሻ በምትባል የቆላ መንደር እንግዳን በማያውቀው ቋንቋ ማናገር በር እንደ መዝጋት ይቆጠር ነበር። ስለዚህ አዋቂው ሁሉ ሦስት አራት ቋንቋ ይናገራል፤ ልጆች ግን ከዶልሽኛ ሌላ አያውቁም። የቋንቋ ፖሊሲ አጥኚው ፕሮፌሰር ላቀው ይህን ሃያ ዓመት መርምረው «አንደኛ ክፍል በዶልሽኛ ይሁን» ብለው ጻፉ። የሚወስን ኮሚቴ መጣ።

ሰብሳቢው መጀመሪያ የጠየቁት እናቴን፣ ወይዘሮ ሾልኬን ነበር። እናቴ ተነስታ እጅ ነሳች፤ በጠራ አማርኛም መረቀቻቸው።

አስተርጓሚው መምህር ኦይቻ ተጠግቶ በዶልሽኛ ሹክ አላት፦ «እማማ፣ ዛሬን ብቻ በእኛ ቋንቋ ይመልሱ።»

«እንግዳ ፊት? እንዲህ ነው ያሳደግንህ?»

ኦይቻ ወደ ሰብሳቢው ዞረ። «ክቡር ሆይ፣ አማርኛ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው አንድ ቃል አይሰማም።»

ሰብሳቢው ወደ ደጅ ብቅ ብለው በአማርኛ «እናንተ ሰዎች፣ አስተርጓሚያችሁ እኮ ደንቆሮ አደረጋችሁ!» ቢሉ ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እንግዳ ሲቀልድ አለመሳቅ ነውር ነው።

ሰብሳቢው አብረዋቸው ወደ መጡት ፕሮፌሰር ላቀው ዞሩ። «ፕሮፌሰር፣ ይሰማሉ አይሰሙም? በአንድ ቃል።»

ኦይቻ ፕሮፌሰሩን በዓይኑ ለመናቸው። እሳቸው ግን በሐሰት የሚቆም ጥናት የላቸውም።

«አዋቂዎቹ ይሰማሉ። ልጆቹ ግን…»

«ልጅ ማደጉ አይቀርም» አሉ ሰብሳቢው፤ ትምህርቱ በአማርኛ እንዲሆን ተወስኖ መዝገቡ ተዘጋ።

በዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል ከገቡት አርባ ልጆች ሁለተኛ የደረሱት ስድስት ናቸው። ታናሽ እህቴ ዛሌ ለመውጣት ፈቃድ የምትጠይቅበት ቃል አጥታ፣ እተቀመጠችበት ልብሷን አረጠበች። ሳቁባት። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልረገጠችም፤ ስሟን መጻፍ ሳታውቅ ሞተች።

ኦይቻ በዋሾነት ከሥራው ተባረረ። በጭቃ ቤቱ ልጆች ሰብስቦ ዓይኑ እስኪጠፋ በዶልሽኛ አስተማረ።

ፕሮፌሰሩ ሹመት ቢሰጣቸው ትተው ሠላሳ ዓመት ስለ ዶልሻ ጻፉ፣ ተከራከሩ፣ ተሰደቡ። ውሳኔውን ያስቀየሩት እሳቸው ናቸው።

እናቴ ደግሞ እስክትሞት ድረስ ዶልሽኛን ቃል በቃል ለፕሮፌሰሩ እየነገረች አስመዘገበች። ዛሬ ልጆቹ የሚማሩበት መጽሐፍ ከእሷ አፍ የወጣ ነው።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ በዶልሽኛ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ በስሙ ሦስት ቦታ ተከፈሉና ወደ እኔ ጻፉ፦ «አንቺ ብዙ አንብበሻል፤ ሩቅ ስለሆንሽም አታዳዪም። ፍረጂን።»

እኔ ወደ እናንተ አስተላልፌዋለሁ። እውነቱን ለተናገሩት፣ ለዋሸው፣ ወይስ እንግዳ ላከበረችው? ስሙ የሚገባው ለማን ነው? ተከራከሩበት።

እኔ ግን ስለ ዛሌ አንዳቸውንም ይቅር አላልኩም፤ ወደፊትም አልልም።