ከከበሮው ሆድ የወጣው ስም

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ሃሌታው «ሀ» እና ሐመሩ «ሐ» እስከ ዛሬ ይምታቱብኛል። ተረቱን ግን አልስትም። እናንተ «የላም በረት» በሉኝ፣ እኔ ልጀምር።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት አፍ አውጥተው በሚናገሩበት፣ ከበሮም ሳይመታ ሲሻው በሚያወራበት ዘመን፣ አንድ የጫካ አገር ነበረ። ከባሕሩ ማዶ በየዓመቱ የልጆች ዘፈን ውድድር ይደረጋል። የአሸዋው አገር ልጅ ይልካል፤ የረግረጉ አገር ልጅ ይልካል፤ የበረዶው አገር እንኳ ልጅ ይልካል። የጫካው አገር ግን ልኮ አያውቅም። በዚያ ዓመት «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ተባለና፣ ልጅ እንዲመረጥ አዋጅ ተነገረ።

በዚያ አገር አንዲት ሽኮኮ ነበረች። ከቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ሆና ስትዘፍን ንቦች ሥራ ይፈታሉ። ዓይን ሲያርፍባት ግን ዘፈኗን አቋርጣ ትሸሸጋለች። ድምፅዋን የምታውቀው እናቷ ማንጠግቦሽ ብቻ ነበረች፤ የማንጠግቦሽ ዓይን ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል።

አንድ ቀን የጉሬዛ እናት፣ እሜቴ ወርቅያንጥፉ፣ ከዛፍ ላይ ሆነው ሽኮኮን ሰሟት።

«አንቺ ልጅ» አሏት፣ «ጭራ የለሽ፣ አንገት የለሽ። አንቺን ብንልክ ‹የጫካው አገር አይጥ ላከ› ነው የሚባለው። የኔን ልጅ እያት! ካባ ለብሳ የተወለደች ናት። መልክ ከሷ፣ ድምፅ ካንቺ። ለአገር ነው!»

እምቢ ማለት ድፍረት ይፈልጋል፤ ሽኮኮ ደግሞ ድፍረት አልነበራትም። «እሺ እሜቴ» አለች።

ከሥሩ የተቀደደ አንድ አሮጌ ከበሮ ነበረ። ሽኮኮን በሆዱ ውስጥ ደበቋት።

«ኧረ ቀስ፣ ኮረኮርሽኝ!» አለ ከበሮው። «ስንት ዘመን ተመታሁ፣ አርግዤ ግን አላውቅም።»

የምርጫው ቀን ደረሰ። ዳኛዋ እማማ ኤሊ ነበሩ። ዙሩ ሦስት ነው፤ መጀመሪያ እሹሩሩ፣ ቀጥሎ የደስታ ዘፈን፣ በመጨረሻ የስም ዘፈን። በአገሩ ልማድ ሩቅ የሚሄድ ልጅ የእናቱን ስም በዘፈን ጠርቶ ነው የሚሸኘው። የማን ልጅ እንደሆነ ሳይታወቅ ባሕር አይሻገርም። ለዚህም እሜቴ ወርቅያንጥፉ የራሳቸውን ስም ለሽኮኮ ሰባት ቀን ሙሉ አስጠንተዋታል።

በመጀመሪያው ዙር የጅብ ልጅ ዘፈነ፤ የተኛ ሕፃን ሁሉ ነቅቶ አለቀሰ። የዝንጀሮ ልጅ ዘፈነ፤ ግጥሙ ጠፍቶት ራሱን አከከ። ከዚያ ጉሬዛ ከከበሮው ፊት ቆማ አፏን ከፈተች። ድምፁ እንደ ወተት ፈሰሰ። ጉድ አለ ጫካው! ጎሽ እንደቆመ አንቀላፋ።

ከኋላ ማንጠግቦሽ ብድግ አለች። «ይሄ የልጄ ድምፅ ነው!»

«እትዬ ማንጠግቦሽ» አለ ቁራ፣ «ዓይንሽ ሲሄድ ጆሮሽንም ይዞት ሄደ እንዴ?» ጫካው በሳቅ ፈረሰ።

በሁለተኛው ዙር ጉሬዛ አፏን ከፈተች። ድምፁ እንደ ምንጭ ተንፎለፎለ። ጉድ አለ ጫካው! ጎሽ ዘለለ፣ እማማ ኤሊ እንኳ እስክስታ ወረዱ። ማንጠግቦሽ እንደገና ተነሣች።

«ያጠባኋትን አጣታለሁ? ልጄ ናት!»

«አስቀምጧት!» አሉ እሜቴ ወርቅያንጥፉ። «ዕብድ ናት፤ ልታዋርደን ነው!» ሁለት ከርከሮዎች ግራና ቀኝ ያዟት።

ሽኮኮ በከበሮው ቀዳዳ አጮልቃ አየች። እናቷ እንደተያዘች ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ ቆማለች።

«ምን ላድርግ?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ ሲመቱኝ ነው የምጮኸው» አለ ከበሮው። «አንቺም ይኸው ተመታሽ።»

ሦስተኛው ዙር መጣ። «በይ ልጄ» አሉ እማማ ኤሊ፣ «የማን ልጅ ነሽ? እናትሽን ጥሪና እንሸኝሽ።» እሜቴ ወርቅያንጥፉ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጉሬዛ አፏን ከፈተች። ድምፁ እንዲህ አለ፦

«እናቴን ብትሉኝ፣ ስሟን ልንገራችሁ፤
ማንጠግቦሽ ናት እንጂ፣ ሌላ አይምሰላችሁ።»

ጫካው ክው አለ። ቁራ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ጉሬዛ ደንግጣ «እኔ አይደለሁም!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ እንደተሰነጠቀ እንስራ ነበር። የባሰው ድንጋጤ ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ጉሬዛ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳለ ዘፈኑ ቀጠለ! «ማንጠግቦሽ፣ ማንጠግቦሽ…»

እማማ ኤሊ ቀስ እያሉ ሄደው ከበሮውን ገለበጡት። ሽኮኮ ዱብ አለች። ጉድ አለ ጫካው! ከርከሮዎቹ ማንጠግቦሽን ለቀቋት። አሁን የሚስቅ አልተገኘም።

«ዓይን ያለን ሁላችን ተታለልን፤ ዓይን የሌላት ሰማች» አሉ እማማ ኤሊ። «የምትሄደው ይቺ ናት።»

ጉሬዛ እያለቀሰች መጣች። «እኔም እናቴን ፈርቼ ነው። አንቺ ግን ሆን ብለሽ አላዋረድሽኝም፣ አይደል? ምላስሽ አዳልጦሽ ነው?»

«አዎ» አለች ሽኮኮ መሬት መሬት እያየች፣ «አዳልጦኝ ነው።»

ጫካው ሁሉ ይህንኑ አመነ። «መልክ ይዋሱታል፤ የእናት ስም ግን አይዋሱትም» የሚባለውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ሽኮኮ ከበሮውን ይዛ ባሕሩን ተሻገረች። በስንት አገር ልጆች ፊት ልትቆም ስትል ወደ ከበሮው ተጠጋች። ያን ጊዜ ከበሮው ጠየቃት። ከበሮ ሆዱ ባዶ ነው፣ ምሥጢር አያድርበትም፤ እኛም የሰማነው ከሱ ነው።

«ያን ቀን እውነት አዳልጦሽ ነው?»

ሽኮኮ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ አፏን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች።

«አላዳለጠኝም» አለችው። «እናቴ ስትያዝ ሳይ፣ ስሙን እኔ ነኝ የመረጥኩት። ለማንም አልነገርኩም።»