ከሁለት ነጥብ ሰባ አምስት በታች

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ዘመን ሳይርቅ፣ በወሎ ቆላ አፋፍ ላይ በተቆረቆረች አንዲት ከተማ የአፈር መመርመሪያ ቤተ ሙከራ ነበር። እናትፋንታ፣ ትርሲትና ሙሂዲን የሚባሉ ሦስት ባለሙያዎች እዚያ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሠሩ ነበር። የተመረቁት በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚመኙትም አንድ ቦታ ነበር፤ በሐይቅ ዳር ያለው፣ በአፈርና በውሃ ትምህርቱ አገር ያመሰገነው ዩኒቨርሲቲ። ያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ውጤቱ ከሁለት ነጥብ ሰባ አምስት በታች የሆነን ሰው ማመልከቻ እንኳ ገልጦ አያይም።

እናትፋንታ ሁለት ነጥብ ሰባ አንድ ነበራት። ኬሚስትሪን በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ከተማረችበት የወረዳ ከተማ መጥታ የመጀመሪያው ዓመት ጣላት፤ የቀሩትን ዓመታት ዳገት ስትወጣ ከረመች። ትርሲት ሁለት ነጥብ ሰባ ሦስት ነበራት። ጭንቅላት አላነሳትም፤ ሌላው ለፈተና ሲያጠና እሷ የቴያትር ክበብ ልምምድ ላይ ነበረች። ሙሂዲን ሁለት ነጥብ ሰባ ነበረው። አባቱ በታመሙ ጊዜ ትምህርቱን ለጥቂት ሳምንታት አቋርጦ አስታመመ፤ ሲመለስ የወረደው ውጤት ሳይቃናለት ተመረቀ።

ታዲያ የቆላው የመስኖ ማሳ ነጭ ጨው ያወጣ ጀመር። ገበሬው አፈሩን በፌስታል እየቋጠረ ያመጣል፣ እነሱ ይመረምራሉ፣ ውጤቱ ተጽፎ ይሰጠዋል፤ በዚያው ያልቃል። እናትፋንታ ግን አንድ ሰሞን የስድስት ዓመት መዝገብ አገላብጣ ያየችውን ምሳ ላይ ነገረቻቸው።

«ጨው የሚያወጡት ማሳዎች ሁሉ ከአሮጌው ቦይ በታች ያሉት ናቸው። ቦዩ ከሥር ውሃ እያሰረገ ይሆን እንዴ?»

«ይገርማል!» አለች ትርሲት።

ሙሂዲን ግን በማግስቱ ቅዳሜ አካፋና ከረጢት ይዞ ቆላ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜውም፣ የዓመት ፈቃዱም ለዚያ ሆነ። ስልሳ ማሳ በበጋም በክረምትም ቆፈረ፤ ወባ ሁለት ጊዜ ጣለችው፤ ተነሥቶ ደግሞ ወረደ።

ትርሲትም ሁለቱን ስታይ ቆይታ አንድ ወር ሙሉ ከሥራ መልስ በሯን ዘጋች። የአንዷን ጥያቄና የሌላውን አፈር አስማምታ አሥራ ሁለት ገጽ የምርምር ዕቅድ ጻፈች። ማንንም ሳታስፈቅድ ለዶክተር ዓይናለም ላከችው፤ በሐይቅ ዳሩ ዩኒቨርሲቲ የአፈርና የውሃ ትምህርት ኃላፊ ናቸው። ከርዕሱ ሥር ግን እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦ «ሐሳቡ የእናትፋንታ፣ አፈሩ የሙሂዲን፣ ጽሑፉ የትርሲት።»

መልሱ ባሥረኛው ቀን መጣ። «ይህን ያመጣ ሰው በነጥብ ምክንያት ደጅ አይቀርም። በእኔ ኃላፊነት ከመስፈርቱ በታች ላለ ሰው የምሰጠው ወንበር አለኝ። አንድ ብቻ ነው። ሦስታችሁም ሐሙስ መጥታችሁ ተፈተኑ።»

የቢሮው ሰው ሁሉ ትርሲትን አቀፋት። እናትፋንታም አቀፈቻት፤ ክንዷ ግን እንጨት ሆነባት። ጥያቄው የእሷ ነው፤ ስሟም ከፊት ተጽፏል። ስም ቢቀድም ምን ይሆናል፣ ምስጋናው ሌላ ቤት ገብቷል! ጽሑፉን ተቀብላ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ የተጣመመ ዓረፍተ ነገር ፍለጋ ነው። አንድም አላገኘችም። ቢበላሽ ኖሮ ይቅር ትላት ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ዶክተር ዓይናለም ናቸው።

«ስምሽ ከፊት ስላለ ላንቺ ደወልኩ። ፈተናው ወደ ነገ ዞሯል፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ለጓደኞችሽ ንገሪልኝ።»

«እሺ ዶክተር።»

ለሥራ ወጥቶ ለነበረው ለሙሂዲን ወዲያው ደውላ ነገረችው። ትርሲት ከወዲያ ጥግ ጠርሙስ ታጥባለች፤ ታንጎራጉራለች። እናትፋንታ ሁለት ጊዜ ወደሷ ተራመደች፤ ሁለት ጊዜም ከመንገድ ተመለሰች። ሲወጡ እነግራታለሁ አለች። ሲወጡ ትርሲት እጇን ይዛ አስቆመቻትና ሰማያዊ ኮት ከቦርሳዋ አወጣች።

«ሐሙስ ልበሺው። አንቺ ላይ ነው የሚያምረው።»

እናትፋንታ ኮቱን ተቀበለች። አመሰገነች። አልነገረቻትም። ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ለካችው፤ ልክክ አለላት። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ለካ ውሸት ነው፤ ያደምቃል፤ እሱ ነው የሚያናድደው።

ረቡዕ ጠዋት በሁለት ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱ የአራት ሰዓት ነው።

«ትርሲትስ?» አለ ሙሂዲን።

«በሌላ መኪና ትመጣለች።»

እኩሌታውን ከሄዱ በኋላ ሙሂዲን ስለ ትርሲት አንዳንድ ነገር እያነሣ ይስቅ ጀመር። እናትፋንታ ግን አላስቻላትም። ስልኳን አወጣች።

«ትርሲት፣ ፈተናው ዛሬ ነው፤ ሰባት ሰዓት። ከትናንት ጀምሬ አውቃለሁ።»

ከወዲያ በኩል ስልኩ ተዘጋ። ሙሂዲን ሰምቶ ነበር፤ ተነሣና ኋላ ወንበር ሄዶ ተቀመጠ።

የጽሑፉ ፈተና ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ትርሲት ድንች በጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ ስምንት ተኩል ላይ ደረሰች፤ የቀረውን ግማሽ ሰዓት ፈቀዱላት። ሲታረም እናትፋንታ ሰማንያ ሁለት አገኘች። ሙሂዲን ስልሳ አንድ፤ ማለፊያው ስልሳ ነው። ትርሲት ከሃያ ጥያቄ ስምንቱን ብቻ ሠራች፤ ከስምንቱ አንድም አልተሳሳተችም፤ በዚህም ማለፊያው ላይ ባትደርስም ከቃል ፈተናው አላስቀሯትም።

ቀጥሎ አንድ በአንድ ወደ ቃል ፈተና ገቡ። ዶክተር ዓይናለምን ጨምሮ ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል፤ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው፤ «ወንበሩ ለምን ላንተ?» «ለምን ላንቺ?»

ሙሂዲን መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ሐሳብ ማንም ያስባል። ያለዚያ አፈር ይሄ ሁሉ ወረቀት ነው። በፈተና ደካማ እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ማሳው ላይ ግን ሰንፌ አላውቅም።»

ትርሲት በአቧራ ነጥታ ገባች። «ጥያቄውም አፈሩም የእኔ አይደለም። ግን ጽፌ ባልልከው አንዱ መዝገብ ውስጥ፣ ሌላው ከረጢት ውስጥ ይቀር ነበር። ሦስታችንን እዚህ ደጅ ያደረሰን ያ ጽሑፍ ነው።» ስለ ዘገየችበት ምክንያት ሲጠይቋት «መኪና አጥቼ ነው» ብቻ አለች።

እናትፋንታ መጨረሻ ገባች፤ ትርሲት የሰጠችውን ምክንያት አነሡላት። «መኪና አላጣችም» አለች። «መልእክቱን ደብቄያት ነው። ቀናሁ። ጥያቄው ግን የእኔ ነው፤ በፈተናውም እኔ በልጫለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።»

ዶክተር ዓይናለም ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይኼን ባትነግሪን አናውቅም ነበር እኮ።»

«አዎ» አለች። «እኔ ግን አውቅ ነበር።»

በሩ ተዘጋ፤ መምህራኑ መምከር ያዙ። አንደኛው ሽማግሌ፣ «ጠያቂ አእምሮ ያላት እሷ ናት፤ ፈተናውም መሰከረላት። ጥፋቷንም ማንም ሳያስገድዳት በአፏ አወጣችው» አሉ። ሁለተኛው መምህር፣ «የባልደረባውን መልእክት የደበቀ ነገ ያልተስማማውን ውጤት አይደብቅም? በሰው ሳይቀና ሁለት ዓመት የቆፈረው ይግባ» አሉ። ዶክተር ዓይናለም ደግሞ፣ «የተበደለችው ትርሲት ናት። ጊዜዋን ተነጥቃ የሠራችውን አልሳተችም፤ የበደለቻትንም አላሳጣችም» አሉ። «ታዲያ ሳታስፈቅድ የሰው ሐሳብና የሰው አፈር መላኳስ?» አሏቸው ሽማግሌው። ክርክሩ እንደገና ተጀመረ፤ ጥላ እስኪረዝም አላበቃም።

ሦስቱ ውጭ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። እናትፋንታ ተናዝዛም አልቀለላትም። የትርሲትን አቧራ የለበሰ ጫማ በጎን አየችው፤ በዚያም ቀናች። ዘግይታ፣ አቧራ ለብሳ፣ አንዲት ክፉ ቃል ሳትተነፍስ የተቀመጠች ሴት ከእሷ ይልቅ ባለመብት ትመስላለች።

«ብትቆጪኝ ይሻል ነበር» አለቻት ቀስ ብላ።

«ምን ልበል?» አለች ትርሲት። «አንቺው ራስሽ ነግረሽኝ የለ።»

ሙሂዲን በመሐላቸው ጎንበስ ብሎ መዳፉን ያያል።

ይኼኔ በሩ ተከፈተ። ዶክተር ዓይናለም ወረቀት ይዘው ወጡ፤ ሦስቱም ብድግ አሉ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ ይልቅ እኔ ልጠይቃችሁ። ጥያቄውን የጠየቀች፣ በፈተናው የበለጠች፣ ቀንታ የበደለችና በአፏ ያመነች አለች። አፈሩን ቆፍሮ ማለፊያውን በአንድ ነጥብ የዘለለ አለ። የሁለቱን ድካም ሳታስፈቅድ ጽፋ ስማቸውን ግን ያላስቀረች፣ ተበድላም ያልከሰሰች አለች። ወንበሩ አንድ ነው። እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጡታላችሁ?